የትልቁ ስም ኮፒ

አዲስ አበባ ውስጥ ብሉቱዝ ሄድፎን ልትገዙ ሞባይል ቤት ብትገቡ፣ መጀመሪያ ከመደርደሪያው የሚወርድላችሁ የታዋቂ ብራንድ ኮፒ ነው። «ከኦሪጅናሉ በምንም አይለይም» ይባልላችኋል። በዚያው ገንዘብ፣ ወይም ጥቂት ጨመር ብታደርጉበት፣ ስሙ ብዙም የማይጠራ ኦሪጅናል ዕቃ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እኔ የምመክረው አቧራ የለበሰውን ነው።

ኮፒ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለአርማው ነው። የኤርፖድስ ኮፒዎችማ አይፎን ላይ ብቅ የሚለውን መስኮት ሳይቀር አስመስለው ይከፍታሉ። ውስጣቸው ያለውን ባትሪና ማይክ ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም።

ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ኦሪጅናል ፈልጉ፤ መካከለኛ ስል ውጭ አገር ከ80 እስከ 150 ዶላር የሚሸጡትን ማለቴ ነው። (የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር «መካከለኛ» ማለት ራሱ ያሳፍራል።) ሶኒን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤክስኤም5 አሜሪካ ውስጥ ሲጀምር 400 ዶላር ነበር፤ በ2023 ያወጣው ሲኤች720ኤን ደግሞ 150። ርካሹ 192 ግራም ሲመዝን፣ ውዱ 250 ገደማ ይደርሳል። አንዴ ቻርጅ ከተደረጉ፣ ጫጫታ መቀነሻቸው እንደበራ፣ ርካሹ እስከ 35 ሰዓት፣ ውዱ እስከ 30 ሰዓት ይሠራሉ። ውዱ በድምፅ ጥራትና ጫጫታ በማፈን ይበልጣል፤ አይካድም። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን የባትሪው ነገር ይቀድማል።

ሻጮች «ኖይዝ ካንስሊንግ» እያሉ የሚያሞግሱት ነገር አሠራሩ እንዲህ ነው። ሄድፎኑ ላይ ያሉ ማይኮች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። በደንብ የሚሳካለት ወጥና ወፍራም በሆነ ድምፅ ላይ ነው፦ በጄኔሬተር፣ በሚኒባስ ሞተር፣ በአውሮፕላን ጉምጉምታ። ድንገተኛና ቀጭን ድምፅ ያመልጠዋል። ስለዚህ ሞተሩ ጸጥ ይልላችኋል፣ የረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ግን ይሰማል። ይህን እንደ ጉድለት እየቆጠሩ የሚያማርሩ አሉ፤ መውረጃው እንዳያልፈው ለሚሰጋ ተሳፋሪ ግን ምን ይፈለጋል? ይልቅ ትልቁ ጥቅሙ ለጆሮ ነው። ሞተሩ ጸጥ ካለ ሙዚቃውን እስከ ጥግ መክፈት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ታክሲ ውስጥ በተራ ኤርፎን ከሞተር ጋር የሚፎካከር ሰው ይህን ሊያልፍ ይችላል።

ሳጥኑ ላይ «ኤልዳክ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ደግሞ ልባችሁ አይሸፍት። በብሉቱዝ ብዙ መረጃ የሚያሳልፍ የሶኒ ዘዴ ነው። አይፎን አይቀበለውም፤ በቴሌግራም ተጨማምቆ ለመጣ ዘፈንም የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሄድፎኑን አጥልቃችሁ በዋጋ እየተከራከራችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የጆሮው ትራስ የመነጽሩን ክንድ ጭንቅላታችሁ ላይ ሲጫን ያኔ ይታወቃችኋል። ከዚያ በር ላይ ወጥታችሁ መኪና በሚተላለፍበት ለአንድ ሰው ደውሉ፤ ድምፃችሁ ከተቆራረጠ ስለ ዘፈኑ ማውራትም አያስፈልግ። የኩባንያውን አፕ አውርዳችሁም ዕቃውን ያውቀው እንደሆነ እዩ፤ ኮፒ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ሳጥኑን አልከፍትም ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሾቹን ብዙ አልወዳቸውም። ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትደክማለች፣ ከፍቶ መጠገንም የማይሞከር ነው። ትልቁ ሄድፎን የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ካለው ባትሪው ቢሞት እንኳ በሽቦ ይሠራል። ሲኤች720ኤንም፣ በ100 ዶላር የወጣው የአንከር ሳውንድኮር ስፔስ ዋንም ይህ መሰኪያ አላቸው። ከሁለቱ ምረጥ ብባል የአንከሩን እወስዳለሁ፤ ጫጫታ መቀነሻው በርቶ እስከ 40 ሰዓት ይሄዳል፣ ዋጋውም ይቀላል። ክብደት የማይወድ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ አጥልቆ የሚሠራ ሰው ግን 50 ዶላሩን ጨምሮ ሶኒውን ቢወስድ አልከራከረውም።