«የምትችለው ከወጣብህ መልሰህ ጣለው»

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ምንዛሪ አልጽፍም። ስለ ጭፈራ እጽፋለሁ። «ምነው ዶክተር፣ አገር በዚህ ሁሉ ጣጣ ተይዛ ስለ ጭፈራ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን የተነሣሁበት ጉዳይ ከፖለቲካችን ብዙም ያልራቀ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግል ድርጅት ለሠራተኞቹ የአንድ ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ጋበዘኝ። ቦታው እንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው አዳራሽ ነበር። ሥልጠናው ዐሥር ሰዓት ላይ ሲያበቃ «የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ስላለ ሳይበሉ አይሄዱም» ተባልኩ። ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ግብዣ መስሎኝ ተቀመጥኩ፦ ጥብስ፣ ቢራ፣ የሥራ አስኪያጁ ንግግር፣ የረጅም ዘመን አገልግሎት ሽልማት፣ ከዚያም ዲጄ።

ይህ የዲጄ ሰዓት ባለፉት ዓመታት ምን እንደሚመስል አትዘነጉትም። የጉራግኛ ዘፈን ሲከፈት አንዱ ጠረጴዛ ይነሣል፤ ኦሮምኛው ሲቀጥል ያ ይቀመጥና ሌላው ይነሣል። ሰው የሚጨፍረው ለመደሰት ብቻ ሳይሆን መኖሩን ለማስመዝገብም ይመስላል። የተቀመጠውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ማን እንደ ተነሣ ይቆጥራል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ወቅት ደግሞ፣ በተገኘሁባቸው ሁለት ሠርጎች ላይ የትግርኛ ዘፈን ሲከፈት የአዳራሹ ዓይን ወዴት እንደ ዞረ አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ዓይን አብሮ ዞሯል።

በዚያ ምሽት ግን የግብዣው አዘጋጅ ወጣቶች ያልተለመደ ነገር ይዘው ቀረቡ። በሰፌድ ላይ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ዞሩ። በየወረቀቱ የአንድ ጭፈራ ስም ተጽፏል፦ የጎንደር እስክስታ፣ የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ፣ የሐረር ሸጎዬ፣ የጉራጌ፣ የወላይታ፣ የትግርኛ። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም የወጣለትን ጭፈራ ከሚያውቅ ባልደረባው ለግማሽ ሰዓት ተምሮ በሰው ፊት ሊጨፍር ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ «የምትችለው ከወጣብህ መልሰህ ጣለው።»

ይህችን ሕግ ልብ በሉልኝ። «የብሔርህ ከወጣብህ» አላሉም፤ «የምትችለው» ነው ያሉት። ቄራ ተወልዶ ያደገ አንድ ሾፌር ሦስት ጊዜ አውጥቶ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ የጎረቤቶቹን ሠርግ ሲያሟሙቅ ኖሮ የማይችለው ጭፈራ አልተገኘም። በአንጻሩ ስሙን ሰምተን ሁላችንም «ይኼማ የራሱ ነው» ያልነው ሌላ ወጣት ወረቀቱን አጥብቆ ያዘ። «መልሰው እንጂ!» ሲሉት «አልችለውም፤ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ነኝ» አለና ከእርሱ ወገን ካልሆነች ባልደረባው ሥር ሆኖ መማር ጀመረ። እኛ በደም ይወረሳል ብለን የምንከራከርበትን ነገር አንዲት ሰፌድ በትምህርት እንደሚገኝ አሳየችን።

ለእኔ የወጣልኝ ትግርኛ ነበር። አስተማሪዬ በሂሳብ ክፍል የሚሠሩ፣ ወጣቶቹ «አደይ» እያሉ የሚጠሯቸው በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ሆኑ። ከበሮው ሲመታ ትከሻዬ ቀድሞኝ ተነሣ፤ የለመደው እስክስታ ነዋ! «ዶክተር፣ አይቸኩሉ። ትከሻው ይደርሳል፤ መጀመሪያ መሄዱን ይማሩ» አሉኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው በአርባዎቹ ዕድሜዬ መሄድ ስማር ተማሪዎቼ ባለማየታቸው አምላክን አመሰገንኩ።

የትግርኛን ጭፈራ የሚያውቅ እንደሚረዳው ነገሩ በዙር ይጀምራል። ሰዎች በከበሮው ምት እግራቸውን እየጎተቱ በቀስታ ይዞራሉ። ምቱ ሲጠነክር ዙሩ ይቆምና ፊት ለፊት ተያይተው፣ ጉልበታቸውን ሰበር ቀና እያደረጉ ትከሻቸውን ይመታሉ። በእኔ እስክስታ መጀመሪያ የምፈልገው የምገጥመውን ሰው ፊት ነው፤ ልበልጠውም እፈልጋለሁ። እዚህ ግን መጀመሪያ የማየው የሰው ጀርባ ነው። የመጀመሪያው ግዴታዬ ከፊቴ ያለውን ሰው ተረከዝ አለመርገጥ ሲሆን፣ ከኋላዬ ያለውም የእኔን እንዳይረግጥ ማመን አለብኝ። ሁለት ጊዜ የአደይን ተረከዝ ረገጥኩ። በሦስተኛው ዙር እግሬ ተስተካከለ።

ነገሩ ጨርሶ እንግዳ እንዳልሆነብኝ የገባኝ በኋላ ነው። በዚያው ተራራ ላይ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ያከበረ ሰው ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲያሸበሽቡ አይቷል። በዝግታ በዝማሜና በመረግድ ጀምረው ወደ ፈጣኑ ጽፋት ይሻገራሉ። ይህ ዜማ ደግሞ የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። እንጦጦ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ዘውድ የጫኑበት፣ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሞት በኋላ ዙፋኑ ከትግራይ ወደ ሸዋ የተሻገረበት ተራራ ነው። ስለዚያ የዙፋን ሽግግር ስንከራከር መቶ ዓመት አልፎናል፤ ዜማው ግን ከሰሜን መጥቶ እዚያው ተራራ ላይ ሲኖር የተከራከረው የለም።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ቀኑ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል። የተናቀ ቋንቋና የተደበቀ ልብስ በአደባባይ በክብር መታየቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ይህን የሚክድ ታሪክን ይክዳል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዚያ መድረክ ሁሉም በተራው ወጥቶ የራሱን ጨፍሮ ይወርዳል፤ ሌላው ያጨበጭባል። ማንም የማንንም እንዲማር አይጠየቅም። የድርጅቶቻችን ግብዣና የትምህርት ቤቶቻችን የባሕል ቀን የተቀዱት ከዚህ ነው። ተራ መጠበቅን ተማርን፤ መሻገርን ግን አልተማርንም።

መሻገር እንደሚቻል ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ቡድን ዓለምን ሲዞር የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጭፈራ በአንድ ቡድን ይዞ ነበር። ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የባሕል ምግብ ቤት ጎራ በሉ። ያው ተወዛዋዥ ልብስ እየቀያየረ በአንድ ምሽት ጉራጌም፣ ትግሬም፣ ኦሮሞም፣ ወላይታም ይሆናል። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የለም፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ለራሳችን የከለከልነውን ነገር ለእርሱ ደመወዝ እየከፈልን እናስደርገዋለን ማለት ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ እገምታለሁ። አንደኛው «የሌላውን ጭፈራ ያለ ዕውቀት መሞከር ማላገጥ ነው» የሚል ነው። እውነት አለው፤ አስተማሪ ከሌለ ማላገጥ ይሆናል። በዚያ አዳራሽ ግን ባለቤቱ አጠገብህ ቆሞ ያርምሃል። ስትሳሳት የሚሳቀው በአንተ እንጂ በጭፈራው አይደለም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፦ «ሰው ሞቶ፣ ተፈናቅሎ፣ ፍትሕ ሳያገኝ በጭፈራ ልታስታርቀን ነው?» አይደለም። የተበደለ ሰው እንባው በከበሮ አይታበስም፤ ፍትሕን በግብዣ ለመተካት የሚሞክር ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ። እንዲያውም ይህን ያስተማሩኝ አደይ ናቸው። ጭፈራው ሲያበቃ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ከጦርነቱ ወዲህ በሥራ ቦታ ስጨፍር የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። «ለምን?» አላልኩም። ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ። በእነዚያ ሁለት ሠርጎች ላይ ዓይኔን ያዞርኩ ሰው ቢያንስ የመጠየቅ ዕዳ አለበት።

ፍትሕም ቢሆን የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። ስለማታውቀው ሰው ከመፍረድህ በፊት ለግማሽ ሰዓት የእርሱ ተማሪ ሁን። ከእኔ የተለየውን ሰው ስታገሠው አልፎ አልፎ ራሴን ከፍ አድርጌ አያለሁ፤ ከእርሱ ስማር ግን ዝቅ ማለቴ ግድ ነው። የኢትዮጵያ ልሂቅ፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ መቻቻል ብዙ ጽፏል። ከወገኑ ውጭ ካለ ሰው ምን ተማርክ ቢባል ግን የሚቆጥረው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የሚቀጥለውን የዓመት መዝጊያ የምታዘጋጁ ድርጅቶች፣ የባሕል ቀን የምታከብሩ ትምህርት ቤቶች፣ ኅዳር 29ን የምትደግሱ ባለሥልጣናት፣ ሰፌዷን አዙሩ። ልጆች የወላጆቻቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውንም ጭፈራ ከባለቤቱ ይማሩ። ሕጉም ያው የወጣቶቹ ሕግ ይሁን፤ የቻለ ይመልስ፣ ያልቻለ ይማር።

እኔም ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ድርጅቱ ደወልኩና አደይን አገናኙኝ አልኩ። «ዶክተር፣ እግሩ ጠፋብዎት እንዴ?» አሉኝ። «እግሩ አልጠፋብኝም፤ ያን ምሽት ሳልጠይቅዎት የቀረሁት ነገር አለ» አልኳቸው። ለረጅም ሰዓት ነገሩኝ። የነገሩኝ ግን የእርሳቸው ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ቸር እንሰንብት።