ጽሑፉስ የት ደረሰ?

እኛ ዕጩ መምህራን የተግባር ምርምር እንሠራለን። መጠይቅ እናባዛለን፣ ክፍል ገብተን እንታዘባለን፣ ሌሊቱን ስንጽፍ እናድራለን። ከዚያ ጽሑፉ ይጠረዝና ማርክ ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ በቃ። ከእነዚህ ውስጥ ለመጽሔት የሚበቃ የለም ያለው ማነው? እኛ እንደሚመስለን የጎደለን የመላኩ ዕውቀት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህራችን በንባብ ትምህርት ላይ ያዘጋጁትን ጥናት ለመጽሔት ሲልኩ ሦስት ሆነን አገዝናቸው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጋጁ ብዙ መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ በሚባል የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን የሠራው በ1998 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተጀመረው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ሲሆን፣ በነፃ ስለሚገኝ አቅም ያነሰው ተቋምም ይጠቀምበታል።

መመሪያውን አነበብን። ገምጋሚዎቹ ጸሐፊውን እንዳያውቁ ስማቸውን ከጽሑፉ አወጣን፤ ፋይሉ በውስጡ የያዘውን ስም ሳይቀር። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ላይ ስንደርስ ግን ተያየን። እኛ የቤተሰብ ስም ከየት እናምጣ? የአባታቸውን ስም ሞላንና ተሳሳቅን፤ እንግዲህ ጥናቱን የሚጠቅስ ሁሉ አባታቸውን ሊጠራ ነው!

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። ሲመጣ ብንከፍተው የሞላነው ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል። ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

መምህሩ ሦስት ወር ጠበቁ። «አዘጋጆቹ ንቀውኝ ነው» አሉ፤ እኛም አብረን አማናቸው። ኋላ ሲከፍቱት ጽሑፉ «ያልተጠናቀቀ» ከሚለው ሥር ተኝቷል። የመጨረሻዋን የማስረከቢያ ቁልፍ አልተጫንናትም! ለካስ አዘጋጆቹ ዘንድ ምንም አልደረሰም። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ክልክል ስለሆነ፣ ሦስቱ ወር እንዲሁ ባከነ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቢጠናቀቅ ኖሮ የመረከቢያ ኢሜይል ይመጣ ነበር፤ አለመምጣቱን ልብ ያለው ግን አልነበረም።

«መጀመሪያ መጻፍ ይልመዱ» የሚሉ መምህራን አሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ገና ነን። ሆኖም የመጽሔቱን መመሪያ አንብቦ ማጠቃለያን በተወሰነ ቃል መጭመቅ፣ ዋቢን በሥርዓት መደርደር ራሱ መጻፍን ማስተማር አይደለም እንዴ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ቅዳሜ የኮምፒውተር ክፍሉ ይከፈትልን፤ ከየክፍሉ አንድ የተሻለ ጽሑፍ ተመርጦ፣ አማካሪ መምህሩ ከጎናችን ተቀምጠው፣ የመረከቢያው ኢሜይል እስኪመጣ ድረስ አብረን እንላከው። የዘንድሮዎቹን ጽሑፎች ለመምረጥ እኛ ከአሁኑ ዝግጁ ነን።