የሳንባ ምች መንሥኤው ይታወቅ

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ገጠር ልጅ ሲያተኩሰውና ሲያስለው «ምች መታው» ይባልና ዳማ ከሴ ይጨመቅለታል። በሽታውም «የሳንባ ምች» ተብሎ በመሰየሙ ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። የሳንባ ምች ከፀሐይ ግለት የሚመጣ ሳይሆን ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈንገስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያስነሣው ሕመም ነው።

ከነዚህ የትኛው ነው? ክርክሬ በዚህ ላይ ነው። የጤና ባለሙያው ትንፋሽ ቆጥሮ አሞክሲሲሊን ይሰጣል፤ መልካም ያደርጋል፤ ይሁን እንጂ አሞክሲሲሊን ቫይረስን አይገድልም። አክታን በላቦራቶሪ አብቅሎ መመርመር ቀናት ይፈጃል፤ በሽተኛው አስቀድሞ ከመደብር የገዛውን ክኒን ውጦ ከመጣ ደግሞ ባክቴሪያው አልበቅል ይላል። የዘረ መልን ቅደም ተከተል የሚያነብ መሣሪያ ግን የሞተውን ተሕዋስ እንኳ በተረፈው ዘረ መል ሊለየው ይችላል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በቻይና፣ በውሃን ከተማ የታየው መንሥኤው ያልታወቀ የሳንባ ምች የተለየው በዚሁ ዘዴ ነው። የቫይረሱ ዘረ መል በጥር መጀመሪያ ለዓለም ተገለጠ፤ በሽታው አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ሲረጋገጥ መመርመሪያው ቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

መሣሪያው ውድ ነው። ደግሞም የጤነኛ ሰው ጉሮሮ ሳይቀር የብዙ ተሕዋስያን ማደሪያ ስለ ሆነ የተገኘው ሁሉ በሽታ አምጪ ነው ሊባል አይቻልም፤ የሐኪም ፍርድ ያሻል። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ይተከል አልልም።

ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የታተመ፣ በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተደረገ ታላቅ ጥናት በጽኑ ለታመሙ ሕፃናት የሳንባ ምች ግንባር ቀደሙ መንሥኤ አር.ኤስ.ቪ. የተባለ ቫይረስ መሆኑን ሲያሳይ ኢትዮጵያ ከሰባቱ አንዷ አልነበረችም። ጭስ በሞላበት የአምባሰል ደጋ ጎጆ የሚያድገውን ሕፃን የሚያሳምመው ምን እንደ ሆነ ከሌላ አገር ልጅ ሳንባ መገመት እስከ መቼ ነው? ከሐይቅና ከውጫሌ የሚሰበሰብ ናሙና ደሴ ላይ ሊነበብ ይገባል። የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ በዚያው አለ፤ መንገዱም ከሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እስከዚያው መምህራንና ወላጆች መሣሪያውን አትጠብቁ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሲተነፍስ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። አስቀድሞ የዋጠው ክኒን ካለም ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።