የተገመተ ቀለም ምስክር አይሆንም

በማኅበራዊ ሚዲያው የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቀለም እየተቀቡ ይዘዋወራሉ። የዐፄ ምኒልክ ዘመን መኳንንት በቀይ ካባ፣ ወይዛዝርቱ አረንጓዴ ጥለት ባለው ነጠላ ብቅ ይላሉ። ከሥሩ «ለካ እንዲህ ነበር!» የሚል አስተያየት ይጎርፋል። እንዲህ ስለመሆኑ ግን ፎቶው ምንም አይልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን አብዛኛው የፎቶ መስታወት ለቀይ ብርሃን ዕውር ነበር። ቀይ ጨርቅ ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ጠቁሮ የሚታየው ካባ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ከምስሉ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ማሽን የለም። ማሽኑ ከሌሎች ምስሎች የለመደውን ይገምታል።

በዚያን ጊዜ እውነተኛ የቀለም ፎቶ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች አውቶክሮም የተባለውን ዘዴ በ1907 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡ። ምስጢሩ ድንች ነው። ደቃቅ የድንች ስታርች ቅንጣቶች ብርቱካናማ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሐምራዊ ተነክረው፣ ተደባልቀው መስታወት ላይ ይነሰነሳሉ። ፎቶው ሲነሣ ብርሃኑ በቅንጣቶቹ ያልፋል፤ ምስሉ ሲታይም በእነዚያው ያልፋል። አውቶክሮም በነጠብጣብ የተሣለ ሥዕል የሚመስለው ለዚህ ነው። ሰዎቹ ድርቅ ብለው የሚታዩትም በፀሐይ እንኳ ለሰከንዶች አለመነቃነቅ ግድ ስለነበር ነው።

ባለባንኩ አልበርት ካን ከ1909 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት 72,000 ያህል እንዲህ ያሉ ምስሎችን ከ50 ገደማ አገሮች አሰባስቧል። ለኢትዮጵያም ቢሆን፣ በ1930 የተከናወነው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቀለም ፎቶዎች በናሽናል ጂኦግራፊክ የጁን 1931 እትም ታትመዋል።

የእነዚህ ፎቶዎች ቀለምም ፍጹም አይደለም። ነገር ግን የመጣው ከሰውየው ልብስ ላይ ከተንጸባረቀ ብርሃን ነው። ልዩነቱ የምስክርነትና የግምት ልዩነት ነው።

ፎቶ ማቅለም ነውር የለበትም። ነውሩ ግምቱን እንደ ማስረጃ ማሰራጨት ነው። ዛሬ የተገመተውን ጥለት ነገ ልብስ ዲዛይነር ይቀዳዋል፤ ከነገ ወዲያ «ጥንታዊ ባህላችን» ይባላል። የሚለጥፍ ሰው «ቀለሙ በግምት የተጨመረ ነው» ብሎ ይጻፍ፤ ዋናውንም ፎቶ አጠገቡ ያስቀምጥ። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍና አንድ ተጨማሪ ምስል ብቻ ነው የሚጠይቀው።