ደጋ ላይ የተስተካከለ የጀልባ ሞተር ቆላ ሲወርድ

የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በኦሞ ጊቤ ሸለቆ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቁ ሲሞላ ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ 892 ሜትር ነው። ሆሳዕናና ዱራሜ ግን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናቸው። በሶሮ በኩል የሚወርድ ዓሣ አስጋሪ የጀልባ ሞተሩን ከተማ ጋራዥ አስፈትሾ ሲሄድ ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም።

ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይወፍራል። መካኒኩ ይህን አይቶ በካርቡራተሩ በኩል ቤንዚኑን ይቀንስለታል። እዚያው ደጋ ላይ ቢሠራበት ባልከፋ። ያው ሞተር ቆላ ወርዶ ብዙ አየር ሲስብ ግን ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ጭነት ሲከብደውም ፒስተኑ እስከ መቃጠል ይደርሳል። ጀልባው ሰው እንደጫነ መሐል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ቢቆም ደግሞ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ መደረግ ያለበት እሐይቁ ዳር፣ ከነጭነቱ ነው።

በ1,636 ሜትር ላይ ባለው የዝዋይ ሐይቅ ችግሩ ሌላ ነው። በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚቀነስ ባለ 15 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ከ12 እስከ 13 ያህል ብቻ ይሰጣል። ቤንዚን መጨመር ይህን አይመልሰውም። የሚረዳው በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው፤ ጀልባው ባይፈጥንም ሞተሩ ሳይታፈን ተገቢውን ዙር ያገኛል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ለሚደባለቅላቸው ሞተሮች ጭስ ለመቀነስ ተብሎ ዘይቱን ማሳነስ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የቦታው ከፍታ የዘይቱን መጠን አይለውጠውም።