ሞተሩ ዞሯል፣ ፍሬኑስ?

አሮጌ ቮልስ ቤንዚን ሳይቀምስ በኤሌክትሪክ ሲነዳ ማየት ደስ ያሰኛል። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተመራቂ ተማሪዎች ግቢውን ሁለት ዙር ሲዞሩበት እኔም ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ካሜራ ተደገነ፣ እንግዶች ፎቶ ተነሱ፣ ልጆቹ ሙሉ ማርክ አገኙ። በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ስል ያንኑ ቮልስ ከወርክሾፑ ጀርባ ሸራ ለብሶ አገኘሁት። የኋላ ጎማዎቹ ተንፍሰዋል። ባትሪዎቹ ወጥተው ለሌላ ሥራ ውለዋል። የሠሩት ልጆች ሄደዋል፤ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ አልተረፈም።

በልጆቹ ላይ ወቀሳ የለኝም። የምቃወመው «መኪናው ተንቀሳቀሰ» ሲባል ሥራው አለቀ ብሎ የሚያጨበጭበውን አስተሳሰብ ነው፤ የራሴንም ጭብጨባ ጨምሮ።

ማንቀሳቀሱ ቀላሉ ክፍል ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረው በአራት ብሎን ነው። እሱን አውርዶ በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠም ጥሩ ቶርኖ ቤት ያገኘ ሰው የሚወጣው ሥራ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ባትሪው ሲጫን ነው። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ጣሪያው የሚገለጠውን አሮጌ ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር 36.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ገጠመለት፤ መኪናው 1,280 ኪሎ መዘነ። ተራው ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ 800 ኪሎ ገደማ ነበር። ስለዚህ ሻንሲውንም ፍሬኑንም ማጠናከር ግድ ሆነባቸው።

እኔ በነበርኩበት ቀን ስለ ፍሬን የጠየቀ ፈታኝ አልነበረም። ከፊት በዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ረድፍ ባትሪ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ሌላ ረድፍ ተደርድሯል፤ የታሰሩት በጎማ ቁራጭ ነው። እግሮቹ ላይ ያለው ያው የድሮው ታምቡር ፍሬን ነው። መኪናው በድንገት ቢቆም ከወንበሩ ጀርባ ያለው ክብደት የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ግጭት ቢደርስ ኃይሉን በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ማጥፊያ የት እንዳለም ማንም አላሳየን።

«ተማሪዎች ናቸው፣ ማበረታታት ነው እንጂ» የሚሉኝ አሉ። ለእኔ ከአንድ ወጣት መካኒክ ትንሽ መጠበቅ እሱን መናቅ ነው። ነገ ጋራዥ ሲከፍት ደንበኛው ልጆቹን ከኋላ አሳፍሮ ነው የሚነዳው።

ደግሞም ጉዳዩ የኤግዚቢሽን ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ግን ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው «ይቀየርልኛል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ በትክክል የሚሠራ እጅ ያስፈልገናል። እጁ የሚሰላው ደግሞ በየዓመቱ ከዜሮ በመጀመር አይደለም። አንዱ ባች ሞተሩን ከገጠመ ቀጣዩ ፍሬኑንና የባትሪውን ማሰሪያ ይረከብ፤ ማርኩም ሥዕሉንና የፍተሻ መዝገቡን አሟልቶ ላስረከበ ይሰጥ።

የዘንድሮዎቹ ተመራቂዎች ሌላ አሮጌ መኪና እያፈላለጉ መሆኑን ሰማሁ። ሸራውን ገልጠው ከዚያው ቮልስ እንዲጀምሩ፣ መጀመሪያም ፍሬኑን እንዲፈቱ፣ ለክፍል ኃላፊው ነግሬያቸዋለሁ።