ትጥቅ የፈታ ሁሉ ቤቱ አልገባም

ወታደሩ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ የመቋቋሚያ ገንዘቡን ተቀብሎ አውቶቡስ ሲሳፈር በመዝገብ ላይ ጉዳዩ አለቀ ይባላል። ለቤተሰቡ ግን ያን ዕለት ይጀምራል። ሌሊት እየጮኸ የሚነሳ፣ በር ሲንኳኳ የሚበረግግ፣ ከልጆቹ ጋር ገበታ መቅረብ ያቃተው፣ እንቅልፍ ለማግኘት ሲል መጠጥ የለመደ ሰው ምን እንደነካው የሚነግራቸው የለም። "ጦርነቱ ለውጦት መጣ" ብለው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሕመሙን ያሳድገዋል።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ እህልና የእርሻ ድጋፍ ተሰጠ፣ በከተማም የገንዘብ ድጎማ ተከፈለ። ትንሽ ሥራ አልነበረም። ከባድመ ጦርነት በኋላም ብዙ ሺህ ሰው ተሰናበተ። ዛሬ ደግሞ፣ ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ወዲህ፣ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዷል። የሚነገረን ግን ስንት ሰው እንደተመዘገበና ስንት ብር እንደተከፈለ ነው። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ የሚጠይቅ ዓምድ በመዝገቡ ላይ አይታይም።

የአእምሮ ቁስል በጊዜ ብዛት ይሽራል የሚለው እምነት በማስረጃ አይጸናም። የቬትናም ጦርነት በ1975 እ.ኤ.አ. አበቃ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ ኮንግረስ ትእዛዝ የተካሄደ ጥናት፣ ቬትናም ከዘመቱ ወንዶች ከመቶ 15ቱ ገደማ ጦርነቱ ጥሎባቸው ባለፈው የአእምሮ ጭንቀት ያኔም ይሠቃዩ እንደነበር አሳየ። የእኛ ተዋጊ ደግሞ የተመለሰው ወደ ተረጋጋ አገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተዋጋበት ሜዳ የገዛ ቀዬው ነበር።

"ሰላማዊው ሕዝብ የበለጠ ተጎድቷል፤ ስለ ወታደር ብቻ ለምን?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው፤ በተለይ የተደፈሩ ሴቶችና የተፈናቀሉ ሰዎች ቅድሚያ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያልታከመ ተዋጊ ቁስሉን ብቻውን አይሸከምም፤ ሚስቱና ልጆቹም ይካፈሉታል። ጸበልና የሽማግሌ ምክር ይበቃል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሰውን ያጽናናሉ፤ የተናዘዘን ሰው ከብቸኝነት ያወጣሉና አልነቅፋቸውም። ሆኖም መድኃኒት የሚያስፈልገውን ሰው ከሐኪም የሚያስቀሩ ከሆነ ጉዳት ነው። የሐኪም እጥረቱም ቢሆን እውነት ነው፤ ግን እንቅልፍን፣ ፍርሃትን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን በጥሞና መጠየቅ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ ኮሚሽኑና ጤና ሚኒስቴር ተሰናባቹን፣ በፈቃዱ፣ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር ያገናኙት። በስድስት ወሩም፣ በዓመቱም፣ በአምስት ዓመቱም ይጠየቅ። ሚስቱም ትጠየቅ።